የመኪናዬን ባትሪ የሚበላውን ያገኘልኝ ሦስተኛው ቴስተር

መኪናዬን በየቀኑ ስነዳት ምንም የለባትም። ሦስት አራት ቀን ካቆምኳት ግን አትነሳም። ቁልፉን ሳዞር ጠቅ ትላለች፣ ክሩስኮቱ ላይ ያሉት መብራቶች ይደበዝዛሉ፣ ከዚያ ጸጥ። ከሌላ መኪና ባትሪ ገመድ ዘርግቼ አስነሳታለሁ። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ትውላለች። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ያው።

የመጀመሪያ ስህተቴ መገመቴ ነው። ባትሪው አርጅቶ ነው አልኩና አዲስ ገዛሁ። ለሁለት ሳምንት ደህና ሆነች። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት በየቀኑ እየነዳኋት እንደነበር ግን ልብ አላልኩም። ከዚያ ጥቂት ቀን ሳቆማት አዲሱም ባትሪ ሞቶ አገኘሁት። እንግዲያው ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ አይሞላም ማለት ነው ብዬ ዲናሞ አስቀየርኩ። አሁንም ከአራት ቀን በኋላ አልነሳም አለች። ነገሩ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ።

በመጨረሻ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠሩ የኖሩ አንድ ትልቅ ሰው ጋ ሄጄ ችግሬን ነገርኳቸው።

"አድሮ ጠዋት ላይ ባትሪው ስንት ቮልት ነው?" አሉኝ።

"አላውቅም" አልኳቸው።

"ሞተሩ ተነስቶስ?"

"እሱንም አላውቅም።"

"ታዲያ ልጄ፣ ባትሪና ዲናሞውን በምን አውቀህ ቀየርክ?"

መልስ አልነበረኝም። ያን ቀን ነው ቴስተር ልግዛ ብዬ የተነሳሁት። መልቲሜትር የሚሉትን ማለቴ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ገዛሁ፤ አንድ ብቻ ይበቃኝ ነበር። ሁለቱ እንዴት እንደከሸፉብኝ ልንገራችሁና እናንተ በአንድ ተገላገሉ።

የመጀመሪያው ካሉት ሁሉ ርካሹ ነበር። መዳፍ የምታክል፣ መሃሏ ላይ የሚዞር መምረጫ፣ ከታች ሦስት ቀዳዳ ያላት። ሳታዩአት አትቀሩም። ብዙ ሰው ያጣጥላታል። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልፈርድባትም፤ ቮልት በደንብ ትለካለች። ሽማግሌው የጠየቁኝን ሁለት ጥያቄዎች የመለሰችልኝ እሷ ናት።

መኪናዋ አድራ፣ ጠዋት ምንም ሳልነካ ባትሪውን ለካሁ። 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.4 ከሆነ ሦስት አራተኛ ያህል አለው። 12.2 ግማሽ ነው። 12.0 ላይ ከደረሰ የቀረው ትንሽ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። በሙሉ ባትሪና በግማሽ ባትሪ መካከል ያለው ልዩነት 0.4 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ የማያሳይ መለኪያ ለባትሪ አይሆንም። ስህተቱ 1 በመቶ የሆነ መለኪያም 12.5ን 12.4 ወይም 12.6 ብሎ ሊያነብላችሁ ይችላል። ስትገዙ ወረቀቱ ላይ በዲሲ ቮልት (የባትሪ ኤሌክትሪክ ማለት ነው) 0.5 በመቶ ወይም ከዚያ ያነሰ ስህተት የሚለውን ፈልጉ። ርካሾቹም ውስጥ ይገኛል።

ነድታችሁ እንደቆማችሁ ወዲያው ግን አትለኩ። ባትሪው ላይ ላዩን የያዘው ቻርጅ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያችኋል። ጥቂት ሰዓት ይረፍ። ጊዜ ከሌላችሁ ፓውዛውን ለአንድ ሁለት ደቂቃ አብሩት፣ አጥፉት፣ ከዚያ ለኩ።

ሞተሩን አስነስቼ ስለካ 14.2 አገኘሁ። በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.5 ከሆነ ዲናሞው እየሞላ ነው። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ዲናሞውን የሚያዘው ኮምፒውተር ስለሆነ ቁጥሩ ከዚህ ዝቅም ከፍም ይላል፤ አትደንግጡ። የእኔ ዲናሞ እየሞላ ነበር። የተቀየረው አሮጌውም ሳይሞላ አልቀረም፣ ግን ማን ለካው?

ባትሪው ደህና፣ ዲናሞው ደህና። እንግዲህ መኪናዋ ቆማ ሳለች ከረንት የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ለማግኘት አምፔር፣ ማለትም የከረንቱን መጠን፣ መለካት ያስፈልጋል። ትንሿ ቴስተሬ ከእጅ አይሻል ዶማ የሆነችው እዚህ ላይ ነው።

አምፔር ለመለካት ቀዩን ገመድ ከቮልት ቀዳዳ ነቅላችሁ 10 አምፔር የሚለው ቀዳዳ ላይ ትሰኩታላችሁ። እኔም ሰካሁ። ገመዶቹ ቀጭን ስለሆኑ፣ ጫፋቸውም አልይዝ እያለ ስለሚንሸራተት ታገልኩና ተውኩት። መምረጫውን ወደ ቮልት መለስኩ። ገመዱን ግን አልመለስኩም። ከዚያ "እስቲ ባትሪውን ደግሜ ልየው" ብዬ ሁለቱን ጫፎች የባትሪው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ላይ አሳረፍኩ።

እሳት ብልጭ አለ። የቀዩ ጫፍ ቀለጠ፣ የገመዱ ፕላስቲክ ጨሰ፣ እኔም ሁለት ጣቶቼ ተለበለቡ። ቴስተሯ ዳግመኛ አልሠራችም።

የሆነው እንዲህ ነው። ቴስተር አምፔር ሲለካ ከረንቱ በውስጡ ማለፍ ስላለበት፣ በአምፔር ቀዳዳና በጥቁሩ ገመድ ቀዳዳ መካከል ያለው ወፍራም ሽቦ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። መምረጫው የትም ይሁን የት ለውጥ የለውም። ገመዱ እዚያ ከተሰካ ባትሪውን በሽቦ እንዳገናኛችሁት ቁጠሩት። የመኪና ባትሪ ደግሞ በዚያች ቅጽበት በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይሰጣል። በመሃል የሚያድናችሁ ፊውዝ ብቻ ነው። የእኔዋ ቴስተር 10 አምፔር ቀዳዳዋ ላይ ፊውዝ አልነበራትም። እንደሌላትም ከቀዳዳው አጠገብ በጥቃቅን ፊደል ተጽፎ ነበር። እኔ ያነበብኩት ከጨሰ በኋላ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምታዩት ይሁን፤ 10 አምፔሩ ቀዳዳ ፊውዝ አለው ወይ? ከሌለው ዋጋው የቱንም ያህል ቢያማልል ለመኪና አትግዙት። ሁለተኛ፣ አምፔር ለክታችሁ ስትጨርሱ እጃችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቀዩ ገመድ ይሁን። ንቀሉና ወደ ቮልት መልሱት። መብራት አጥፍቶ እንደ መውጣት ልማድ እስኪሆን ድረስ።

ከዚህ በኋላ የመኪናውን ከረንት በውስጡ የሚያሳልፍ ነገር መንካት ፈራሁ። ገመዱን ዙሪያውን አቅፎ፣ ምንም ሳይነቀል የሚለካ ክላምፕ ሜትር እንዳለ ሰማሁ። ደስ አለኝ። ከመጀመሪያው ሻል ባለ ዋጋ፣ "400 አምፔር" የሚል ቁጥር የተጻፈበት ገዛሁ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ አቀፍኩት። ዜሮ። ፓውዛውን አበራሁ። ዜሮ። ክላክስ አስጮህኩ። አሁንም ዜሮ። ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ስመታ አንድ ጊዜ ዘለል ብሎ ተመለሰ። ተበላሽቶ ነው ብዬ ልመልሰው ስል ነው የገባኝ።

አብዛኞቹ ርካሽ ክላምፕ ሜትሮች አምፔር የሚለኩት የቤት ኤሌክትሪክን ብቻ ነው። ኤሲ ማለት ነው። የሚሠሩት እንደ ትራንስፎርመር ስለሆነ ከረንቱ ወዲያና ወዲህ ካልተመላለሰ አይሰማቸውም። የመኪና ባትሪ ከረንት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ዲሲ ነው። ዲሲን የሚያነብ ክላምፕ ውስጡ ሌላ ዓይነት ሴንሰር አለው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ማታለያው ደግሞ ይኸውላችሁ። የኤሲ ብቻ የሆነው ክላምፕም በገመዶቹ ዲሲ ቮልት ይለካል። ካርቶኑ ላይ "ዲሲ" የሚል ቃል ስታዩ ለአምፔሩ ይመስላችኋል። እኔ የተሸወድኩት በዚህ ነው። መምረጫው ላይ ከአምፔር ምልክቱ አጠገብ ያለውን እዩ። ሞገድ የምትመስል ጠማማ መስመር ብቻ ካለች ኤሲ ብቻ ነው። ቀጥ ያለ መስመርና ከሥሩ ነጠብጣብ መስመር ካለ ዲሲም ይለካል።

ዲሲ ክላምፕም ቢሆን ሌላ ጥያቄ አለው። ዝቅተኛው ክልሉ ስንት ነው? 400 አምፔር የሚለካ ሆኖ የመጨረሻ አሃዙ 0.1 አምፔር ከሆነ፣ ለእኔ ዓይነት ችግር አይረዳም። የምፈልገው ከ0.05 አምፔር በላይና በታች የሚለይ ነገር ነው።

ሁለት ጊዜ ከተመታሁ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያሰብኩት። "የትኛው ቴስተር ጥሩ ነው?" የሚለውን ጥያቄ ተውኩት። በምትኩ "መኪናዬ ላይ ምን ልለካ ነው?" ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። የባትሪ ቮልት። ተኝታ የምትበላው ከረንት። ፊውዝ ላይ የሚታይ ሚሊቮልት። የተበጠሰ ሽቦ። ሞተሪኖው ሲመታ ባትሪው እስከ ስንት እንደሚወርድ። ዝርዝሩ ይኸው ነበር።

ይህ ዝርዝር ብዙ ነገር አወጣልኝ። "ትሩ አርኤምኤስ" የሚባለውን፣ ዋጋ የሚያስጨምረውን ነገር ለዚህ ሥራ አልፈልገውም፤ ለኤሲ ነው የሚጠቅመው። 1000 ቮልት ድረስ መለካቱም ለ12 ቮልት መኪና ትርጉም የለውም። ሙቀት መለኪያው ጥሩ ነው፣ ግን ለእሱ ብዬ አልከፍልም።

የምፈልገው ይህ ነበር። ሁለቱም የአምፔር ቀዳዳዎች ፊውዝ ያላቸው ይሁኑ፣ ፊውዙም በቀላሉ ተፈትቶ የሚቀየር። በሚሊቮልት ክልሉ 0.1 ሚሊቮልት የሚያሳይ። ሽቦ ሲገናኝ ጢጥ የሚል፣ ያውም ወዲያው እንደነካ። አንዳንዱ ግማሽ ሴኮንድ ቆይቶ ነው የሚጮኸው፤ ሃያ ሽቦ ስትፈትሹ ያ ያናድዳል። ክልሉን ራሱ የሚመርጥ መሆኑ ለጀማሪ ይመቻል፣ ባይኖረውም ግን ችግር የለም። ትንሹንና ትልቁን ቁጥር የሚይዝ፣ ሚን ማክስ የሚሉት ቁልፍ ግን በጣም ወደድኩት። ብቻችሁን ሆናችሁ ቁልፍ እያዞራችሁ ባትሪውን ማየት አትችሉም። ይህን ተጭናችሁ ታስነሳላችሁ፤ ወርዳችሁ ስትመጡ ባትሪው ዝቅ ያለበትን ቁጥር ይዞ ይጠብቃችኋል። ሞተሪኖው ሲመታ ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ባትሪ ደክሟል፣ ወይም ሳይሞላ ነው የተለካው።

አንድ ሌላ ነገር ብዙ ሰው አያየውም። ዝቅተኛው የኤሲ ቮልት ክልል ነው። በጣም ርካሾቹ ከ200 ቮልት ነው የሚጀምሩት። ዲናሞው ውስጥ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው ዳዮድ ሲበላሽ ባትሪው ላይ ትንሽ ኤሲ ይታያል። ሞተሩ እየሠራ ከ0.5 ቮልት በላይ ኤሲ ካያችሁ ዲናሞውን መጠርጠር ነው። በ200 ቮልት ክልል ይህን በትክክል ማየት አይቻልም።

ገመዶቹንም እዩአቸው። ለስላሳ፣ ወፈር ያሉ፣ ጫፋቸው ሹል። የአዞ አፍ የሚመስል መቆንጠጫ አብሮ ከመጣ እሰየው፣ ካልመጣ ለብቻው ግዙ። መኪና ላይ ሁለት እጅ አይበቃም።

ሦስተኛው ቴስተሬ እነዚህን አሟላ። ዋጋው መሃል ላይ ነው። ከመጀመሪያዋ በሦስት አራት እጥፍ ይበልጣል፣ በግምት ካስቀየርኩት ዲናሞ ጋር ግን አይወዳደርም።

እሱንም ይዤ ተሳሳትኩ። የምፈልገው ትንሽ ከረንት ስለሆነ ቀዩን ገመድ ሚሊአምፔር ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። የኔጋቲቩን ሞርሴቶ፣ ገመዱን ባትሪው ላይ የሚያስረውን ብረት፣ ፈትቼ ቴስተሩን በባትሪውና በገመዱ መካከል አስገባሁ። ንባቡ 0.00 አለ። ምንም የሚበላ ነገር የለም! ደስ ብሎኝ ሞርሴቶውን አሰርኩና ወደ ቤቴ ገባሁ። በአራተኛው ቀን መኪናዋ አልተነሳችም።

ለካ ገና ሳገናኘው የቴስተሩ ፊውዝ ተቃጥሏል። የመኪና ኮምፒውተሮች ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ሲያገኙ ነቅተው ብዙ አምፔር ይስባሉ፤ የሚሊአምፔር ቀዳዳው ፊውዝ ደግሞ 400 ሚሊአምፔር ብቻ ነበር። የተቃጠለ ፊውዝ ዜሮ ነው የሚያሳየው። ያን ጊዜ በር ከፍቼ ቢሆን ኖሮ የውስጥ መብራቱ እንደማይበራ አይ ነበር፤ መኪናዋ ጨርሶ ኤሌክትሪክ አላገኘችም። ዜሮ ስታዩ አትደሰቱ። መኪና ተኝታም ቢሆን ትንሽ ነገር ትበላለች፤ ሰዓቷም ማንቂያዋም አለ። ንጹሕ ዜሮ ካያችሁ መጀመሪያ የቴስተሩን ፊውዝ ጠርጥሩ። ሁልጊዜም ከ10 አምፔሩ ጀምሩ። ቁጥሩ ትንሽ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ ወደ ሚሊአምፔር ውረዱ።

በሁለተኛው ሙከራ ተረጋግቼ ሠራሁ። ቁልፉን ከመኪናዋ ርቄ አስቀመጥኩ። በሩን ከፍቼ መቆለፊያውን በካቻቪቴ ገፋሁት፣ መኪናዋ በሩ የተዘጋ እንዲመስላት። የኮፈኑንም እንዲሁ። የቴስተሩን አንድ ገመድ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን በኔጋቲቩ ገመድ ላይ ቆነጠጥኩና ከዚያ በኋላ ሞርሴቶውን ፈታሁ። እንዲህ ሲደረግ ኤሌክትሪኩ አይቋረጥም፤ መኪናዋም አትባንንም። ከዚያ ማንም ቁልፍ እንዳያዞር። ሞተሪኖው ከ100 አምፔር በላይ ነው የሚስበው፤ የ10 አምፔሩ ፊውዝ አንድ ሴኮንድም አይቆይም።

መጀመሪያ 4 አምፔር ገደማ አሳየኝ። አልደነገጥኩም። መጠበቅ ነው። አንዳንድ መኪና በ10 ደቂቃ ይተኛል፣ አንዳንዱ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። የእኔ ከ40 ደቂቃ በኋላ 0.31 ላይ ረጋ። ቀጥ ብሎ ቀረ።

በአብዛኛው ተኝቶ ከ0.05 አምፔር በላይ የሚበላ መኪና ችግር አለበት ይባላል። የእኔ ስድስት እጥፍ ነበር። ሂሳቡን ሠራሁት። 0.31 በ24 ሰዓት ሲባዛ 7.4 አምፔር ሰዓት ነው። ባትሪዬ የሚይዘው 60 አምፔር ሰዓት ነው። በአራት ቀን ግማሹ ያልቃል። ያ ሁሉ ሳምንት ያስለቀሰኝ ነገር በሁለት መስመር ሂሳብ ቁልጭ አለ። መኪናው ቢያቃጥለኝም ያን ቀን ፈገግ ብያለሁ።

ቀጥሎ ሌባውን መፈለግ ነበር። ብዙ ሰው ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀለ አምፔሩ የቱ ላይ እንደሚወርድ ያያል። ይሠራል፤ ግን ስትመልሱት አንዱ ኮምፒውተር ይነቃና እንደገና መጠበቅ ይመጣል። የተሻለው ዘዴ ይኼ ነው። ሞርሴቶው ታስሮ፣ መኪናዋ ተኝታ ሳለች ቴስተሩን ሚሊቮልት ላይ አድርጉ። ቀዩ ገመድ ቮልት ቀዳዳ ላይ መሆኑን አትርሱ! የእያንዳንዱ ፊውዝ ጀርባ ላይ ሁለት ትናንሽ የብረት ነጥቦች አሉ። ሁለቱን ንኩ። ከረንት የማያልፍበት ፊውዝ 0.0 ያሳያል። ከረንት የሚያልፍበት ግን ፊውዙ ራሱ ትንሽ ስለሚከላከል ጥቂት ሚሊቮልት ይታይበታል። ምንም አልነቀላችሁም፣ ማንንም አልቀሰቀሳችሁም። 0.1 ሚሊቮልት የሚያሳይ ይሁን ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

አሥራ አንደኛው ፊውዝ ላይ 2 ሚሊቮልት አካባቢ አገኘሁ። 10 አምፔር ፊውዝ ነው፣ የሬዲዮው።

ሬዲዮውን ከዓመታት በፊት አስቀይሬ ነበር። ክሩስኮቱን ፈትቼ ከኋላው ሳየው ቢጫውና ቀዩ ሽቦ አንድ ላይ ተጠምዝዘው በናስትሮ ተጠቅልለዋል። ቢጫው ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ነው፣ ሰዓቱንና የተያዙ ጣቢያዎችን እንዳይረሳ። ቀዩ ደግሞ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ማግኘት አለበት። ሁለቱ ሲገናኙ ሬዲዮው ድምፁን አጠፋ እንጂ አልተኛም። ቀዩን ነጥዬ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ 12 ቮልት የሚያገኝ ሽቦ ላይ አሰርኩት፤ ያንንም ሽቦ ያገኘሁት በቴስተሩ ነው። ከዚያ ለካሁ። 0.02። ሁለት ሳምንት አቁሜያት በአንድ ምት ተነሳች።

በዚሁ ባበቃ ጥሩ ነበር። ግን ቴስተር የያዘ ሰው ሁሉን ነገር መለካት ያምረዋል። የቀኝ ፓውዛዬ ከግራው ደብዘዝ ይል ነበርና ወደ እሱ ዞርኩ። አምፖሉን ቀየርኩ፣ ያው ነው። የማሳውን ሽቦ፣ ከረንቱን ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመልሰውን፣ በጢጥታው ፈተሽኩ። ጢጥ አለ። ከረንቱን ምን ያህል እንደሚከላከል በኦም ለካሁት፣ 0.6። ሁለቱን ጫፎች ሳነካካቸውም ገመዶቹ ራሳቸው 0.3 ስለሚሉ ልዩነቱን ናቅኩት። ሽቦው ደህና ነው ብዬ ደመደምኩ።

ሽማግሌውን ሳማክራቸው ሳቁብኝ። "ሽቦውን ሥራ ላይ ሳለ ነው የምትጠይቀው" አሉኝ። ፓውዛውን አብርቼ፣ ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጌ፣ ጥቁሩን ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን ፓውዛው ሶኬት ላይ ባለው የማሳ ሽቦ ላይ አስነኩኝ። 1.3 ቮልት። መሆን የነበረበት ከ0.1 ወይም 0.2 አይበልጥም። ከባትሪው ከተነሳው 12 ቮልት ውስጥ ከ1 በላዩ ማሳው ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው። ይህን ቮልቴጅ ድሮፕ ይሉታል፤ እኔ የመንገድ ኪሳራ እለዋለሁ። የናቅኳት 0.3 ኦም ፓውዛው በሚስበው 4 አምፔር ስትባዛ ይኸው ከ1 ቮልት በላይ ትሆናለች።

ጢጥታው የሚያታልለው ለዚህ ነው። ብዙ ቴስተር ከ30 ኦም በታች ላለ ነገር ሁሉ ይጮኻል። ከአሥር ክር ዘጠኙ የተበጠሰበት ሽቦም ጢጥ ያሰኛል። ሶኬት ነቅላችሁ ስትለኩም 12.5 ያሳያችኋል፤ ምክንያቱም ቴስተሩ ራሱ ምንም ከረንት አይስብም ማለት ይቻላል። ጢጥታ ሽቦው ጭራሽ መበጠሱን ለማወቅ ነው። ደህና መሆኑን ለማወቅ ግን ዕቃው እየሠራ መለካት ነው። ይህ ደግሞ ምንም ውድ ቴስተር አይጠይቅም፤ ያቺ የተቃጠለች ርካሽ ቴስተር እንኳ ትችለው ነበር። የማሳውን ብሎን ፈትቼ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ጠረግኩት። 0.05 ሆነ። ፓውዛው ከግራው ጋር እኩል በራ።

ከመጀመራችሁ በፊት ጥቂት የማትነኳቸው ነገሮች አሉ። ቢጫ ሶኬትና ቢጫ መጠቅለያ ያላቸው የኤርባግ ሽቦዎችን በቴስተር አትንኩ፤ በኦም መለካት እንኳ ሊያፈነዳው ይችላል። ሃይብሪድ ወይም የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ብርቱካንማ ገመድ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፣ የባለሙያ ሥራ ነው። ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ በኦም አትለኩ፤ ወይ ውሸት ይነግራችኋል ወይ ቴስተሩ ይበላሻል። ሽቦ በመርፌ ወግታችሁ አትለኩ፤ በዚያች ቀዳዳ ውሃ ይገባና ከዓመት በኋላ ሌላ ብልሽት ትፈልጋላችሁ። በሶኬቱ ጀርባ በቀጭን ፒን መግባት ይሻላል።

አንድ ቀን ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪዬ 13.9 አለኝ። ተአምር አልነበረም። የቴስተሩ ባትሪ እየሞተ ነበር። ሲደክም ብዙ ጊዜ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። አሁን ሥራ ከመጀመሬ በፊት አንድ አዲስ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ለካ አደርጋለሁ። 1.5 ወይም 1.6 ካለ እቀጥላለሁ።

ክላምፑንስ? ቆይቼ ዝቅተኛ ክልሉ 0.01 አምፔር ድረስ የሚያነብ የዲሲ ክላምፕ ገዝቻለሁ፤ ምንም ሳይፈታ መለካቱ ትልቅ እፎይታ ነው። ከመለካቱ በፊት ዜሮ ማድረጊያውን መጫን ብቻ ይፈልጋል። ገንዘባችሁ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን ፊውዝ ያለው ተራ መልቲሜትር ይቅደም። ብዙ ብልሽት የሚገኘው በቮልት ነው።

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ መኪናው አልነሳ ብሎት ቴስተሬን ተውሶኝ ነበር። ስለ ቀዩ ገመድ ሁለት ጊዜ ነገርኩት። "ገባኝ፣ ገባኝ" አለኝ። ሲመልስልኝ ቦርሳውን ከፈትኩና መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን አየሁ። ቀዩ ገመድ 10 አምፔሩ ላይ እንደተሰካ ነው።